ጭሳችንን የደበቅን ዕለት

ይህ ነገር የሆነው ያለፈው ዓመት፣ የበርበሬው ለቀማ ተጀምሮ የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ እሱን ግን አልረሳሁትም። አንዳንዴ ሳስበው ብቻዬን ያስቀኛል። አንዳንዴ ደግሞ ያበሽቀኛል። እንደ እኛ ጭስ ውስጥ ተቀምጠው የሚሠሩ ሴቶች ቢያነቡት ይጠቅማቸው ይሆናል ብዬ ልጽፈው ቆረጥኩ።

የምኖረው ቡሬ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለችን። እዚያ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀን የምንሸጥ የሴቶች ማኅበር ነን። ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ። እነሱ በዕድሜ ስለምበልጥ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ጭቅጭቅ ስለማልፈራ ይመስለኛል።

በርበሬው ብዙም አያስቸግረንም። የሚፈጀን ሽሮው ነው። አተሩና ባቄላው ከመፈጨቱ በፊት በትልልቅ ብረት ምጣድ ይታመሳል፤ የሚታመሰውም በእንጨት እሳት ነው። ቤቷ ጠባብ ናት፣ መስኮቷም አንድ ነው። በሩን ከፍተን እንዳንሠራ ከመንገዱ የሚነሳው አቧራ አተሩ ላይ ይሰፍራል። ሽሮው ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ካለ ደግሞ ደንበኛ አይመለስም። ስለዚህ በሩን ዘግተን እናምሳለን። ማታ ስንወጣ ዓይናችን ቀልቶ፣ ፊታችን አባብጦ ለቅሶ ቤት የዋልን እንመስላለን።

ከመካከላችን የማመስ እጅ ያላት ይታይሽ ናት። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። አተሩ ሳያር፣ ጥሬም ሳይቀር የሚወጣው እሷ ስትቆምበት ነው። ታዲያ ሳል ያዛት። መጀመሪያ ብርድ ነው ብለን ዝም አልን። ከርሞም አልለቅ ሲላት ሐኪም ቤት ሄደች። ሳንባሽ በጭስ ተጎድቷል፣ ከጭስ ካልራቅሽ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንሽም ብለው መለሷት።

ከጭስ ራቂ ማለት ለእሷ ከእንጀራሽ ራቂ ማለት ነበር። ማሸጊያውም፣ የበርበሬ ቅንጠሳውም እዚያችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ገበያ ተቀምጣ የምትሸጥልን ዘሀራ ናት፤ ንግዱን ከወላጆቿ የተማረች፣ ነጋዴውን ሁሉ በስሙ የምታውቅ ስለሆነች እሷን የሚተካ የለም። ስለዚህ ይታይሽ በቻለችው ቀን እየገባች ማመሷን ቀጠለች።

በማኅበራችን ደንብ ደግሞ ያልሠራ ሰው ድርሻ የለውም። ይህን ደንብ አጥብቄ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ማኅበሩ ሲቋቋም ስማቸውን ብቻ አስመዝግበው ቤታቸው የሚቀመጡ ነበሩና እነሱን ለማስወጣት ነበር። አሁን ያው ደንብ ዞሮ ይታይሽ ላይ ሊወድቅ ሆነ። ሁለት ሴቶች፣ ስማቸውን አልጠራም፣ በእሷ ቦታ ጤነኛ ሰው ይግባ ማለት ጀመሩ። ተናደድኩ። ግን ምን ልበል? ደንብ ለሁሉም እኩል ነው እያልኩ ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ። ለወዳጄ ሲሆን ላጥፈው? አላደርገውም። ይታይሽንም አላስወጣም። ከዚያ ቤት መውጣት ያለበት ጭሱ ነው አልኩ።

በዚሁ ሰሞን ቀበሌው አዳራሽ ለስብሰባ ተጠራን። አንድ ባለሙያ መጥቶ መንግሥት ለትንንሽ ሥራዎች አዲስ ድጋፍ ማምጣቱን ነገረን። በእንጨት፣ በከሰልና በናፍጣ የሚሠራ ሰው ወደ ኤሌክትሪክ ወይም ጭስ ወደሌለው ምድጃ ሲዞር የመሣሪያውን ዋጋ ግማሽ መንግሥት ይሸፍናል፣ የቀረው ቀስ እያለ በብድር ይከፈላል አለ። ስሙንም የአረንጓዴ ሥራ ድጋፍ አለው። ከኋላዬ የተቀመጠው አያሌው፣ «ደግሞ ችግኝ ሊያስተክሉን ነው» ብሎ ሰዉን አሳቀ።

አያሌው ጎረቤታችን ነው። የናፍጣ ወፍጮ አለው፤ የታመሰውን የሚፈጭልንም እሱ ነው። አብረን ስላደግን አንቺ አንተ ነው የምንባባለው።

ባለሙያው በስልኩ አንድ ማሽን አሳየን። በርሜል ይመስላል፤ በኤሌክትሪክ እየተሽከረከረ አተር ያምሳል። ጭስ የለው፣ አመድ የለው። ይታይሽ ስልኩን ተቀብላ ደጋግማ አየችው። ፊቷን ሳየው ይህን ማሽን ሳላስገባ አላርፍም ብዬ ወሰንኩ።

ተመዘገብን፤ ያሾፈው አያሌውም ተመዘገበ። ከዞን፣ ከፍኖተ ሰላም፣ መራጮች መጥተው የእያንዳንዱን ሰው የሥራ ቦታ እንደሚያዩ፣ ጉዳቱ የባሰበትንም እንደሚያስቀድሙ ተነገረን። ይህን ሁላችንም በጆሯችን ሰምተናል። ሰምተንም ነው እንግዲህ ያን ጉድ የሠራነው።

ሮብ ይመጣሉ የሚል ወሬ ሲደርሰን መጀመሪያ የመጣልን ሐሳብ ሌላ አልነበረም። እንግዳ ሊመጣ ነው፤ እንዲህ ባለ ቤት እንዴት እንግዳ ይገባል? እኛ አገር ደግሞ እንግዳ ሲባል ድሃውም ሀብታሙም የሚያደርገው አንድ ነው። ማመሱን አቆምን። ከጣራው የተንጠለጠለውን ጥቀርሻ በረጅም እንጨት አራገፍን። ግድግዳውን በእበት ለቅልቀን በነጭ አፈር ቀባነው። ምጣዱን በአሸዋ ፈትገን እንደ አዲስ እንዲያብለጨልጭ አደረግነው። አመዱን ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። የእንጨቱ ክምር በሩ ላይ ያስጠላል ተብሎ አያሌውን አስፈቅደን እሱ ግቢ ወስደን ቆለልነው። አያሌው ቆሞ እያየን፣ «ማንን ልትድሩ ነው?» ሲል ነበር። መሬቱ ላይ ቄጤማ ጎዘጎዝን። ዘሀራ ለስላሳ ገዝታ አመጣች።

ይታይሽ ግን ቤቷ ቀረች። ማንም ቅሪ አላላትም። «እኔ ሳስል እንግዶቹ ይጠየፋሉ፤ ሥራችሁንም አበላሽባችኋለሁ» አለች። አንዳችን እንኳ አይሆንም አላልናትም። እኔም አላልኳትም።

መራጮቹ በሰዓታቸው መጡ። አለቃቸው አቶ አስማረ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው፤ አንዲት ወጣት ባለሙያና አንድ ሹፌር አብረውት ነበሩ። ነጠላችንን አጣፍተን ተነስተን ተቀበልናቸው። ዞር ዞር ብለው አዩ። የት ነው የምታምሱት ብለው ጠየቁ፤ ጥጉን አሳየናቸው። ጭሱ አያስቸግራችሁም ወይ አሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። በእኛ ዘንድ ሰው እንዴት ናችሁ ሲል መልሱ የታወቀ ነው። እንግዳን ገና ከመቀመጡ በሮሮ መቀበል ነውር ነው። ስለዚህ ሁላችንም በአንድ አፍ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጭስ አለ፣ እያልን መለስን። እንጨትስ ብዙ ትፈጃላችሁ ወይ ሲሉ፣ አንዷ ትንሽ ጭራሮ ናት አለች። እኔ የማልፈራዋ ሴትዮ እንኳ፣ «በእናንተ ጸሎት ደህና ነን» ማለቴን አስታውሳለሁ። እነሱም ጽዳታችንን አድንቀው፣ ለስላሳቸውን ጠጥተው፣ መርቀናቸው ወጡ። ከእኛ ቀጥለው አያሌው ግቢ ገቡ።

ያን ቀን ደስታችን ወደር አልነበረውም። ወጣቷ ባለሙያ እንዲህ ያለ ንጹሕ የሥራ ቦታ አይቼ አላውቅም ማለቷን ለይታይሽ ሄጄ ነገርኳት። ማሽኑን እጃችን የገባ ያህል ቆጠርነው።

ውጤቱ የመጣው ጾሙ ሊፈታ ሲል ነው። እኛ የለንበትም። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ የማኅበሩ የሥራ ቦታ የጭስ ችግር እምብዛም የለበትም፣ የባሰባቸው ይቅደሙ ተብሏል። አያሌው ተመርጧል። ናፍጣውን በኤሌክትሪክ ሞተር ሊቀይሩለት ነው።

አያሌው ለሰው ደግ ነው፣ አፉ ግን አያርፍም። መጥቶ በራችን ላይ ቆመና፣ «አትጠገብ፣ ጉድሽን ሰማሽ?» አለኝ። «ሰዎቹ ያን የእንጨት ክምር አይተው የማነው ሳይሉኝ ጻፉት። ናፍጣም እንጨትም የሚያነድ አውሬ አድርገውኝ ሄዱ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ዝም አልኩ። ቄጤማ መጎዝጎዝ የእናንተ፣ መመረጥ የእኔ ሆነ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ገና ያኔ ነው የገባኝ። ጉዳት ያያሉ የተባሉ ሰዎች ሲመጡ ጉዳታችንን አጥበን፣ ቀብረን፣ ጎረቤት አስቀምጠን ነበር የጠበቅናቸው። ይታይሽን ሳይቀር ደብቀናታል። ዞር ብዬ ሳያት ጥጉ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታምሳለች። ሰምታ ነበር። «ይተዉት እትየ፣ የኔ ዕድል ነው» አለችኝ። ከአያሌው ቀልድ ይልቅ ያናደደኝ ይህ ነው። ዕድል አይደለም። እኛው ነን ያበላሸነው፤ እኛው እናቃናዋለን አልኳት።

እነዚያ ሁለቱ ሴቶች ግን ጊዜ አላጠፉም። ዐቢይ ጾም ሲገባ የሽሮ ገበያ እንደሚበረታ ሁሉም ያውቃል። እስከዚያ ነገሩ ካልለየለት በይታይሽ ቦታ ሌላ ሰው እንዲገባ ለስብሰባ አቀረቡ፤ ደንቡን ጠቅሰው ስለሆነ የሚከራከራቸው ጠፋ። እኔም ደንቡ ልክ ነው አልኩ። እስከ ጾሙ መግቢያ ግን ጊዜ አለኝ አልኩ።

መንገዱ አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ ቆይቶ ጥር መጨረሻ ላይ ሰላም ሆነ ሲባል፣ ዘሀራን ይዤ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። ቢሮው ስንደርስ አቶ አስማረ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጸሐፊዋ ሌላ ቀን ብትመጡ አለች። ቡሬ ሩቅ አይደለም፣ ለእኔ ጉልበት ግን ሩቅ ነው፣ እዚሁ እጠብቃለሁ አልኳት። ምሳ ሄደው ተመለሱ፤ አሁንም ተቀምጬ አገኙኝ። በመጨረሻ እሱ ራሱ ወጣና አስገባን።

አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ጥቀርሻውን እንዳራገፍነው፣ አመዱን እንደቀበርነው፣ የታመመችው ሴት ቤቷ እንደቀረች፣ አያሌው ግቢ ያየው እንጨት የእኛ እንደሆነ። መጀመሪያ ሳቁ አመለጠው። ይታይሽ ጋ ስደርስ ግን መሳቁን ተወ።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩንም፣ እማማ?» አለኝ።

«እንግዳ ነበራችኋ» አልኩት።

ትንሽ አሰበና ያልጠበቅኩትን ነገር አመጣ። የአካባቢው ድርሻ አልቋል፣ አዲስ ለመጨመር በጀቱ አይፈቅድም አለ። ነገር ግን እንጨቱ የወፍጮ ቤቱ ካልሆነ የወፍጮ ቤቱ ነጥብ በስህተት የተሰጠ ነው፤ ይህን ጽፈው ካመለከቱ እሱ ተሰርዞ ማኅበሩ ሊተካ ይችላል አለኝ።

ዘሀራ በነጠላዬ ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እሺ ይበሉ ማለቷ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይታይሽ ዓይኔ ላይ መጣች። ከዚያ ደግሞ የአያሌው ወፍጮ ቤት መጣብኝ። ያ ናፍጣ ሲነሳ ሰፈሩ በሙሉ ይጠቁራል፤ እዚያ የሚፈጨው ልጁ ጆሮው እየደነቆረ ነው። እንጨቱ የእኛ ቢሆንም ናፍጣው የእሱ ነው።

«አይሆንም» አልኩት። «የአያሌው ጭስ የውሸት አይደለም። የመጣሁት የራሴን ላሳይ ነው፤ የሰው እንዲቀማልኝ አይደለም። መጥታችሁ እዩን። የባሰበት ሰው ካለ እሱ ይቅደም፣ አልከራከርም። አይታችሁ ፍረዱ ነው የምለው።»

«እሺ፣ የሚቀር በጀት መኖሩን እናጣራለን፤ ቃል ግን አልገባም። የምንመጣበትን ቀን እንደውላለን።»

«ቀኑን አትንገሩን።»

«ለምን?»

«ከነገራችሁን እንጠርጋለን» አልኩት።

ስንመለስ ዘሀራ መሀል መንገድ ላይ ያለችውን ማንኩሳን እስክናልፍ አላናገረችኝም። ካለፍን በኋላ፣ «እትየ አትጠገብ፣ እርስዎ ለደንብ ሲሉ እኛንም ይሸጡናል» አለችኝ። እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ይታይሽ ከማኅበሩ ብትወጣ ያንን ቢሮ፣ ያንን ወንበር ዕድሜ ልኬን እያሰብኩ እንደምኖር አውቄዋለሁ።

ለሴቶቹ አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጠሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ብላችሁ ቤቱን አትንኩት፣ እንደ ሁልጊዜው ሥሩ አልኳቸው። ይታይሽንም እንግዳ ቢመጣ ከጥጉ ፈቀቅ እንዳትይ አልኳት።

የመጡት አንድ ጠዋት፣ ሥራው በጣም ሲሟሟቅ ነው። የመኪናውን ድምፅ ስንሰማ የሆነውን ባሰብኩት ቁጥር ያስቀኛል። አንዷ ዘልላ መጥረጊያ አነሳች። አንዷ እሳቱ ላይ ልትደፋ ውኃ ይዛ መጣች። ሌላዋ የራሷን ፊት በነጠላ ትጠርጋለች። የተነገራቸውን ረስተውት አይደለም፤ እጃቸው ነው እንቢ ያላቸው። ከምጣዱ ፊት ሄጄ ቆምኩና ማንም ምንም እንዳይነካ አልኩ። የመጥረጊያዋን ሴትዮ እጇን ይዤ አስቀመጥኳት።

ገቡ። በርጩማ ምጣዱ አጠገብ አስቀመጥኩላቸው፤ በሩንም እንደ ወትሯችን ዘጋሁት። አቶ አስማረ ለምን ይዘጋል አለ፤ የአቧራውን ነገር ነገርኩት። ወጣቷ ባለሙያ ጥቂት እንደቆየች ተነስታ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ውጪ ስትስል ይሰማን ነበር። እሱ ዓይኑ እያነባ ቁጭ አለ። ጣራውን አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ ነካና የጠቆረውን ጣቱን አየው። ከዚያ ምጣዱ ላይ ወደ ጎነበሰችው ወደ ይታይሽ ዞረ።

«እንዴት ነዎት፣ እናቴ?»

ማመሻው ቆመ። ሴቶቹ መልሱን ያውቁታል፤ አፋቸው ላይ ነበር። ይታይሽ ቀና ብላ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። መልሱ የእሷ ነበር።

«ደህና አይደለሁም» አለችው። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለ ነው። «ሌሊት ተጋድሜ መተኛት አልችልም። ተቀምጬ ነው የማነጋው። ልጆቼ እንዳይሰሙኝ ጨርቅ እነክሳለሁ።»

ይህን እኔ እንኳ አላውቅም ነበር። በየቀኑ እየተያየን፣ እንዴት አደርሽ ስላት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ስትለኝ ነው የከረመችው።

አቶ አስማረ ሲወጣ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ተሰናበታት።

በጀት ተገኝቶ መፈቀዱን የሰማነው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። አያሌውም አልተነካበትም። ነገር ግን መፈቀድና መምጣት ለየቅል ነው። ማሽኑ ከአዲስ አበባ መጫን አለበት፣ መብራት ኃይል መስመሩን ማጠናከር አለበት፣ እያሉ ጾሙ ገባ። ሥራው በረታ። የይታይሽ ሳል ባሰባት፤ ሐኪሙም አንድ ቀን እንኳ እንዳትገቢ አላት። ሁለቱ ሴቶች ስብሰባ ጠሩ። ማሽኑ እስኪመጣ ድረስ ያልሠራችበት ጊዜ ድርሻ የላትም፣ ቦታዋም ይሞላ አሉ።

እኔም ተነሳሁ። ደንቡ አይነካም አልኩ። ሁለቱ ደስ አላቸው። ከዚያ ግን፣ «ደንቡ ሥራው ይሠራ ይላል እንጂ በማን እጅ እንደሚሠራ አይልም» አልኳቸው። «ገበሬዎቻችን የሚያርሱት፣ የሚያጭዱት በወንፈል ነው። ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። የታመመ ሰው አዝመራው መስክ ላይ ቀርቶበት ያውቃል? ይታይሽን በወንፈል ይዣታለሁ። ተራዋን እኔ እቆማለሁ። ስትድን ትመልስልኛለች።»

አንዷ፣ «በዚህ ዕድሜዎ?» አለችኝ። ምጣዱ ዕድሜ አይጠይቅም አልኳት። ዘሀራ ከጥግ ተነስታ ከገበያ መልስ እኔም እገባላታለሁ አለች። መንገድ ላይ የተኮራረፍነው ያን ጊዜ ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም።

ጾሙን በሙሉ የይታይሽን ተራ ቆምኩላት። እንደ እሷ አልሆነልኝም። አሳረርኩ፤ ዓይኔ ፈሰሰ፤ ወገቤ ተቆረጠ። የልጅ ልጆቼ ሽታዬን እየሸሹ ይስቁብኛል። አያሌው የታመሰውን ሲፈጭ፣ «ዛሬም አትጠገብ ናት ያመሰችው፣ ጠቁሯል» እያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ይለፍፍ ነበር። ግን ሳምሰው አንድ ነገር ተረዳሁ። ሰብሳቢ ነኝ እያልኩ ለካ ከዚያ ጥግ ራቅ ብዬ ነው የኖርኩት። የጭሱ ግማሽ እንኳ አልደረሰኝም ነበር።

ማሽኑ የገባው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። አሁን በሩን ዘግተንም እንተያያለን። መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል፤ ሁለቱ ሴቶችም እንጨቱ ይሻል ነበር ብለው ያጉረመርማሉ። ይታይሽ ተመልሳለች። ማሽኑንም ከሁላችን ቀድማ የለመደችው እሷ ናት፤ ድምፁን ሰምታ አተሩ መብሰሉን ታውቃለች። ሳሉ ጨርሶ አልተዋትም። ሐኪሙ የተጎዳው እንዳለ ይቀራል፣ ከዚህ በላይ ግን አይብስም ብሏታል። ተጋድማ ትተኛለች፤ ጠይቄያታለሁ።

እስከ ዛሬ የሚያበሽቀኝ ነገር አለ። ሰው እርዳታ ለማግኘት ጉዳቱን እንደ ገበያ ዕቃ መዘርጋት ባይኖርበት እወድ ነበር። ቤታችንን ስላጸዳን መቀጣታችን አሁንም ፍትሕ አይመስለኝም፤ ይህንንም አቶ አስማረን ባገኘሁት ቁጥር እነግረዋለሁ። ግን ዝም ማለትም ለማንም አይጠቅምም። ከሽንዲና ከገበዝ ማርያም ሴቶች መጥተው ማሽኑን አይተው ሲጠይቁን፣ መጀመሪያ የምነግራቸው ያመመውን ሰው ከፊት አስቀምጡ ብዬ ነው።

አሁን ከይታይሽ ጋር በሌላ ነገር ተጣልተናል። ወንፈሉን ካልመለስኩ ብላ የእኔን ተራ መቆም ጀምራለች። ያን ጊዜ ለስብሰባው ያልኩት ነው፣ ትቼልሻለሁ አልኳት። አሻፈረኝ አለች። «ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት» አለችኝ፣ በዚያችው ዝቅ ባለች ድምፅዋ። ነገ ተራው የእኔ ነው፤ ማለዳ ተነስቼ ብሄድም ቀድማኝ ማሽኑን አስነስታ እንደማገኛት አውቃለሁ።